አምስት ቁልፍ፣ አምስት ጅማት

የጋሽ ደመላሽን ሞት የነገረኝ የጎንደር መስመር የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ወገቡን ስለካው፣ "ያ ጎረቤትሽ፣ ዘፈን ጫኙ ሽማግሌ፣ አርፈዋል አሉ እኮ። አገራቸው ገብተው ነው የሞቱት" አለኝ። መቼ ብዬ ስጠይቀው አያውቅም። ከማን ሰማህ ስለው፣ መናኸሪያ ውስጥ ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞች ሲያወሩ ነው አለኝ። ሜትሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። የለካሁት ጠፋብኝና እንደገና ለካሁት። ሰውየውም ነገሩ ገብቶት ዳግመኛ ተለካልኝ።

እርሜን ያወጣሁት ብቻዬን ነው። ሸሕዲ ውስጥ ለእሳቸው ድንኳን የሚተክል ዘመድ የለም። የከተማችን ሰው እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ የዛሬ ዓመት የነበረው ዘንድሮ የለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መጻፍ ሙያዬ አይደለም። ግን ስድስት ዓመት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተካፍለን ኖረናል። እኔ ካላነሳኋቸው ማን ያነሳቸዋል?

ጋሽ ደመላሽ ከጎጃም፣ ከሞጣ በኩል፣ ሳሉግ ሆነው ነው ወደ ቆላ የወረዱት። ሳሉግ የምንለው ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ነው። ሌላው ሰው ማጭድና ብርድ ልብስ ይዞ ሲወርድ እሳቸው በዚያ ላይ ክራር ጨምረው ወረዱ። አባታቸው በአገራቸው የታወቁ ክራር መቺ ነበሩ። ልጃቸውን ያስተማሩት ከኋላው ተቀምጠው፣ እጁን በእጃቸው ይዘው ነው። "እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ብሎኝ አያውቅም፤ ጣቴን በጣቱ ይገፋው ነበር" ብለው አጫውተውኛል።

ኮኪት አካባቢ አንድ እርሻ ላይ የማሽላ መውቂያ ማሽኑ ቺንጋ፣ ያ የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ግራ እጃቸውን ያዘው። ሦስቱን የመሃል ጣቶች ወሰዳቸው። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ቀሩ። ሰሊጥ በግራ ተጨብጦ በቀኝ ነው የሚታጨደው፤ ግራው የማይጨብጥ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ሰው ሁሉ አገርዎ ይግቡ አላቸው። አልገቡም። ስልክ ላይ ዘፈን ለሚጭን አንድ ሰው ተቀጥረው ሱቅ መጠበቅ ጀመሩ፤ ሰውየው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ሱቁንም አሮጌውን ኮምፒውተርም ለእሳቸው ትቶ ሄደ። ከእኔ ጎን የመጡት እንዲያ ነው።

ግራ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አያወጡም ነበር። ታዲያ ሰው ሲጨብጡ ቀኛቸውን በግራ መደገፍ ስለማይችሉ ጎዶሎውን በወገባቸው ይሞሉት ነበር፤ ለሕፃን ሳይቀር ዝቅ ብለው ነው እጅ የሚነሱት። የማያውቃቸው ሰው ያሾፉበት ይመስለው ነበር። እኔም መጀመሪያ መስሎኝ ተቀይሜያቸዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። ክራሩ ሱቃቸው ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ገበያተኛ "ይመታሉ እንዴ ጋሼ?" ሲላቸው "ታሟል" ይላሉ። ክራሩን ማለታቸው ነው።

አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ገበያ የለም። በእኔ በር ላይ ተቀምጠው፣ "ዘውዲቱ፣ አንች ሙያሽን ለማን ታወርሻለሽ?" አሉኝ።

"ለማንም። ልብሱ እንደሁ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው፤ ቅዳጅ መጣፍ ደግሞ ምን ይወረሳል" አልኳቸው።

ከዚያ ነገሩን አወጡት። "አባቴ አንድ ዜማ ነበረው። ከአባቱ ያገኘው ነው። ከእኔና ከወንድሜ በቀር ለማንም አልሰጠውም። ወንድሜ ሞተ። ልጅ አልወለድኩም። የእኔ እጅ ይኸው ነው። ዜማ እንደ ሰሊጥ ነው፤ ደርሶ ካልሰበሰቡት መሬት ላይ ይረግፋል። ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ነው የምፈራው።"

"ታዲያ በአፍዎ ያንጎራጉሩትና በስልክ ይቅዱት" አልኳቸው።

"የተቀዳማ ይቀመጣል። እኔ የምፈልገው የሚመታው ሰው ነው። ዜማው አለኝ፤ ጣት ብቻ ነው የቸገረኝ።"

ሰው ለማስተማር ሞክረው ነበር። ዘፈን ሊያስጭን የመጣውን ሁሉ ይለምኑታል። ሁለት ሦስቱ እሺ ብለው ተቀመጡ። ግን እሳቸው በእጃቸው ማሳየት አይችሉም፤ በቃል ደግሞ አባታቸው አላስተማሯቸውም። "ጣትህን እዚህ፣ አይ እዚያ" ሲሉት ሰውየው ይሰለቻል። አንዱ "ሰሊጥ ላጭድ ነው የመጣሁት ወይስ አዝማሪ ልሆን?" ብሎ ጥሏቸው ሄደ። ክራሩ ተመልሶ ምስማሩ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ መጣ። ከጎንደር እየተመላለሰ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ቴክኒሻን ነበር። የእሳቸውን ሲጠግን ጨዋታውን ጫነላቸው። ውጭ አገር ይህ ነገር ከፕላስቲክ ጊታር ጋር በውድ ይሸጣል አሉ። ይህኛው ግን ያንን የተመለከቱ ሰዎች በነጻ የሠሩት፣ ማንም ለማንም እየገለበጠ የሚሰጠው ነው። ጊታርም አይፈልግም። ኪቦርዱን ከጠረጴዛ አንስተህ ደረትህ ላይ ታቅፈዋለህ። የግራ እጅህን ጣቶች ከኤፍ ዋን እስከ ኤፍ ፋይቭ ባሉት አምስት ቁልፎች ላይ ታሳርፋለህ፤ ቀኝህ ኢንተር ላይ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ መንገድ ይዘረጋና አምስት ዓይነት ቀለም ያላቸው ክቦች ወዳንተ ይመጣሉ። አረንጓዴው ሲደርስ አንደኛውን ቁልፍ ይዘህ ኢንተርን ትመታለህ፣ ቀዩ ሲደርስ ሁለተኛውን፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ከሳትክ የጊታሩ ድምፅ ይጠፋል።

ቴክኒሻኑ ኪቦርድ ታቅፎ ሲወዛወዝ ሳየው ምን ነካው ብዬ ነበር። ዘፈኑም የፈረንጅ ጩኸት ነው፤ ራሴን አመመኝ። ጋሽ ደመላሽ ግን አልሳቁም። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው የቴክኒሻኑን ግራ እጅ ነበር የሚያዩት። ሲጨርስ "አምስት ጣት፣ አምስት ቁልፍ፣ አምስት ጅማት" አሉ። ክራራቸው አምስት ጅማት ነው ያለው። ቀጥለው "የራሴን ዘፈን ላስገባበት እችላለሁ?" ብለው ጠየቁ። ይቻላል፤ ዘፈኑን አስገብተህ፣ እያስኬድክ፣ በፈለግከው ቦታ ላይ የፈለግከውን ቀለም ታስቀምጣለህ። ቴክኒሻኑ እንዴት እንደሆነ አሳያቸውና ሄደ።

ያን ክረምት ጎረቤቴ አበዱ ብዬ ነበር። ክራሩን አውርደው፣ ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ በቀኝ ጣታቸው አንዷን ጅማት ብቻ ነክተው በስልክ ይቀዳሉ። ከዚያ ሁለተኛዋን። ከዚያ እያንዳንዷን ድምፅ በኮምፒውተሩ እየቆረጡ አንዷን ከሌላዋ ጋር ይገጥማሉ። በእጃቸው መምታት ያቃታቸውን የአባታቸውን ዜማ ጠብታ በጠብታ ሠሩት። ቀጥሎ ለእያንዳንዷ ድምፅ ቀለሟን አስቀመጡላት፤ የመጀመሪያዋ ጅማት አረንጓዴ፣ ሁለተኛዋ ቀይ፣ ሦስተኛዋ ቢጫ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አቧራው እንዲለቅ ኪቦርዱን እፍ ይሉታል። ቆርቆሮው ሁሉን ነገር ያሰማል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ "ጋሽ ደመላሽ፣ በእመቤቴ፣ ያችን አንዷን ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ እየሰማኋት ነው" አልኳቸው። "ታገሽኝ፤ እኔ ከኅዳር ሚካኤል ማዶ ሆና እየሰማኋት ነው ያለሁት" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ አልተነጫነጭኩም።

መስከረም ላይ ሠራተኛው ወረደ። ሸሕዲ በሰው ተሞላች፤ ሁሉም ለካምፕ የሚሆን ዘፈን ያስጭናል። ዘፈኑ እስኪጫን ጋሽ ደመላሽ ኪቦርዱን ያሳቅፉታል። ነጻ ነው፤ ማን ይጠላል? ሰልፍ ሆነ። አንዱ ቀለሞቹን አይቶ "ጋሼ፣ ባንዲራዋን አዛነፏት እኮ፤ ቀዩ ከቢጫው ቀደመ" ሲላቸው ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከተጫዋቹ ኋላ ቆመው ስክሪኑን አያዩም። ሰው የሰውን ፊት ያያል፣ እሳቸው ጣት ነበር የሚያዩት። ሲሳሳት "ቁም። ከመጀመሪያው" ይላሉ። ብዙው ሰው ሁለቴ ከመጀመሪያው ከተባለ በኋላ ስልኩን ተቀብሎ ይሄዳል።

ያልሄደው ሰይድ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዝምተኛ። እጁ በሰሊጥ አገዳ ተሰነጣጥቋል። በመጀመሪያው ቀን አንድም ቀለም አላገኘም። ሌላው ሲስቅበት እሱ ኪቦርዱን ሳይለቅ "ይደገምልኝ ጋሼ" አለ። በሳምንቱ ቅዳሜ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ መጣ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ። ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ሲሆን፣ ሂላ የምንለው ነዶው እንዲደርቅ ተደጋግፎ የሚቆመውን ነው፣ ሰይድ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር አንድም ቀለም ሳይስት መጨረስ ጀመረ። ጋሽ ደመላሽ ማታ ማታ እኔን "አየሽው? ጣት አይዋሽም" ይሉኝ ነበር።

በመሃል ቴክኒሻኑ ተመልሶ መጣና የሠሩትን አየ። "ጋሼ፣ እንዲህ አይደለም እኮ የሚሠራው" አላቸው። "አንድ ቀለም አንድ ድምፅ አይደለም። ቀለሙ ለጣት እንዲመች ተደርጎ ነው የሚደረደረው፤ ቀዩ አሁን አንድ ድምፅ ቢሆን ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ ይሆናል። የእርስዎ በጣም ያስቸግራል።"

"ቀዩ ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው የተሳሳቱት እነሱ ናቸው" አሉ ጋሽ ደመላሽ። ቀልዳቸውን አይደለም። ጨዋታውን የክራር ማስተማሪያ አድርገው ነው ያዩት፤ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል በአሳባቸውም አልመጣም።

ኅዳር ላይ ክራሩን አወረዱት። አዲስ ጅማት አስረው ሲቃኙት ዋሉ። ሰይድ ሲመጣ እኔም የስፌት መኪናዬን ትቼ ሄድኩ፤ ያን ያህል ሰምቼው ከዜማው ጋር ተዛምጄ ነበርና። ክራሩን አሳቀፉት፣ ለቀኝ እጁ መግረፊያዋን ቁራጭ ቆዳ ሰጡት። "እንደ ለመድከው" አሉት።

ሰይድ ጣቱን በመጀመሪያዋ ጅማት ላይ አድርጎ ገረፈው። የወጣው ጩኸት ነው። አራቱ ጅማቶች ባንድነት ጮኹ፤ የተፈለገችዋ ብቻ ዝም አለች። ደገመው። ያው ነው።

"የመጀመሪያዋን ነው ያልኩህ" አሉ ጋሽ ደመላሽ።

"የመጀመሪያዋን ነው እኮ የያዝኳት ጋሼ።"

"አይደለም። ያዛት።"

"ያዝኳት ወላሂ።"

ያኔ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። እጃቸውን ከክራሩ ኋላ አስገብተው ጅማቶቹ አጠገብ አቆሙት። የሌሉት ጣቶች ጉቶ ቆዳው ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዱ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ተመለሰ፣ ሌላው ሸሸ። ጋሽ ደመላሽ ያንን እያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማንሳት ነው ለካ" አሉ። "ክራር ሲገረፍ የተያዘው ዝም ይላል። የሚዘፍነው የተለቀቀው ነው። አራቱን ይዞ አንዱን መልቀቅ ነው። እጄ ያውቀው ነበር፤ እኔ አላውቀውም ኖሯል። ከጣቴ ጋር ሄዷል።"

ለመቅዳት ሲሉ በቀኝ እጃቸው አንዷን ጅማት ብቻ እየነኩ ስለከረሙ፣ የምትነካዋ የምትዘፍነዋ ናት ብለው ቀለሙን ሁሉ በዚያ አስቀመጡት። ከመስከረም ጀምሮ ለዚያ ሁሉ ሰው ያስተማሩት የተገላቢጦሽ ነው። ሰይድም ጣቱ የተገላቢጦሹን ጠጥቶ ጨርሷል። ጋሽ ደመላሽ አንድ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። እኔም "አይዞዎት፣ ልብስም ይገለበጣል እኮ" አልኩ። ይህንን በማለቴ እስካሁን አፍራለሁ። ሰይድ ክራሩን ቀስ አድርጎ ሰቀለው። "አብሽሩ ጋሼ። ለከርሞ እመጣለሁ፤ እናስተካክለዋለን" አለ። በማግስቱ አገሩ ገባ።

ሱቁ ተዘግቶ ሰነበተ። ምግብ ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን "ዘውዲቱ፣ አባቴ በመቃብሩ ምን ይለኝ ይሆን?" አሉኝ። ተናደድኩ። "አባትዎ ቢሆኑ ሸሕዲ ላይ በባዶ ሆድ ተኛ አይሉዎትም" ብዬ ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጥኩት። በሉ።

ከዚያ ተነሥተው እንደገና ጀመሩ። ድምፁን አልነኩትም፤ ቀለሙን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፍርሰው ሠሩት። አሁን ወደ ተጫዋቹ የሚመጡት አራት ቀለሞች ባንድ ላይ ናቸው። አራቱን ቁልፍ ትይዛለህ፣ የጎደለውን ትለቃለህ፣ ኢንተርን ትመታለህ። የምትሰማው የለቀቅከውን ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ኪቦርዱ እምቢ አለ። ርካሽ ኪቦርድ ባንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቁልፍ እንጂ አራት ቁልፍና ኢንተር አይቀበልም። ቴክኒሻኑ በመጣ ቁጥር ሌላ ኪቦርድ ያስመጣሉ፣ አራት ጣት ያስጭኑኛል፣ እምቢ ሲል ወደ ጥግ ይወረውሩታል። ስምንት ይሁን ዘጠኝ ከሞከርን በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ፣ ቢጫ የመሰለ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ አሮጌ ኪቦርድ ተቀበለን። ያን ቀን የእኔን ጣቶች ሳሙ። እጄን ቀማኋቸው፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ሠራተኛው ግን አዲሱን አልወደደውም። አንዱ ኪቦርዱን መልሶ እየሰጣቸው፣ "ጋሼ፣ ይህስ ጨዋታ አይደለም፣ ሥራ ነው። ሥራማ ካምፕ አለልኝ" አላቸው። ሰልፉ ቀረ። ዘፈን የሚያስጭነውም ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሐምሌ ገባ፣ የአረም ሠራተኛ ወረደ፣ ሰይድ የለም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ጋሽ ደመላሽ ወደ መንገዱ ወጥተው "ከወሎ የመጣ አለ?" ይላሉ። በዚያ ላይ ታመዋል። የዚህ ቆላ በሽታ ድሮ ይዟቸው ታክመው ነበር፤ ተመለሰባቸው። ሆዳቸው አብጦ ሌላው አካላቸው አለቀ። ጤና ጣቢያ ወደ ጎንደር ይሂዱ ሲሏቸው "ሰሊጡ ይታጨድና" ይላሉ። እርሻ የላቸውም፤ ምኑ ነው የሚታጨደው? በዚህ ብዙ ተጣልተናል። "ዜማ ሆድ አያድንም" ስላቸው፣ "አያድንም፤ ሆዴማ ከእኔ ጋር ቢቀበር ግድ የለኝም" አሉኝ።

ሰይድ የመጣው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። መንገድ ተዘግቶበት ሌላ ቦታ ከርሞ ነው። ጋሽ ደመላሽ ፍራሻቸው ላይ ሆነው ኪቦርዱን በቀኛቸው ገፋ አደረጉለት። ጣቱ የለመደውን ለማስረሳት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። እርሻ ላይ በእረፍት ሰዓት የማጭዱን እጀታ ይዞ አራቱን ጣት እየጫነ አንዱን እንደሚያነሳ፣ ጓደኞቹም ነካ አድርጎታል እንደሚሉት ነግሮኛል። ጋሽ ደመላሽ ከተኙበት በቁልፉ ድምፅ ብቻ ስሕተቱን ይለዩት ነበር። "ቁም። ከመጀመሪያው።" ድምፃቸው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻው ላይ እጃቸውን ብቻ ነበር የሚያነሱት፤ ሰይድ አይቶ ያቆማል።

ጥቅምት ውስጥ በአንድ አርብ ሰይድ ከጁምዓ መልስ መጣ። የሰሊጡ ሥራ አልቆ ሊሄድ ነው። ለጋሽ ደመላሽም በማግስቱ አገራቸው የሚወስዳቸው መኪና አግኝተናል፤ መታከም ካልፈለጉ ወገናቸው ዘንድ ይሂዱ ብዬ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ግድግዳ ደግፈው እንዲቀመጡ አደረግናቸው። ክራሩን ራሳቸው በአንድ እጃቸው ቃኙት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ለሰይድ ሰጡት።

ሰይድ መታው። ሁለት ክረምት በቆርቆሮ ግድግዳ በኩል እየተቆረጠ፣ እየተደጋገመ የሰማሁት ነገር፣ አንድ ሆኖ፣ ሰው ሆኖ መጣ። አለቀስኩ። ጋሽ ደመላሽ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዜማው ዞሮ ዞሮ ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ከፍ ብሎ መቆየት አለበት። ሰይድ እዚያ ላይ ወደ ታች ወረደ። ወደ ወሎ አወረደው ልበል፤ እንደ አገሩ አሳዝኖ አጠፈው። እኔ እንኳ አወቅኩ። የጋሽ ደመላሽን እጅ አየሁ። አልተነሣም።

ሲጨርስ ጋሽ ደመላሽ ዓይናቸውን ገልጠው "ተማም" አሉ። በእኛ ቆላ ልክ ነው፣ ሙሉ ነው ማለት ነው። ሰይድ ክራሩን ሊሰቅል ሲነሣ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱት፤ ይዘኸው ሂድ ማለታቸው ነው። ሰይድ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ክራሩን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አላውቅም።

ብቻችንን ስንቀር እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልም፣ ጠየቅኳቸው። "ሦስተኛው ላይ ተሳስቷል፣ አይደል?"

"ተሳስቷል" አሉ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉት? በማንም ላይ ዝም ብለው የማያውቁትን?"

ክራሩ ይሰቀልበት ወደነበረው ምስማር አዩ።

"አባቴም መጀመሪያ ብቻዬን የመታሁለት ቀን ዝም አለኝ" አሉ። "ያኔ ልክ ስለመታሁ መስሎኝ ነበር።"